ከጌጫ የሚመላለሰው ማሽን

ሥራ የገባሁ ዕለት ጋሽ መኮንን የሰጡኝ አንድ ብሩሽና ክዳኑ የተፈታ የጌም ማሽን ነበር። «አቧራውን አራግፊ፤ ሌላ ነገር እንዳትነኪ» አሉኝና ወደ ሬዲዮናቸው ዞሩ። ሱቃቸው ሚዛን ተፈሪ ገበያ አጠገብ ነበረች፤ ሬዲዮ፣ ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠገንባታል። ጌም ማሽን ግን አይወዱም። «የልጅ ቁማር» ይሉታል። እኔን የቀጠሩኝም ከእሱ እንድገላግላቸው ነው።

እኔ የማጂ ልጅ ነኝ። ሚዛን ላይ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩና ስጨርስ እዚያው ቀረሁ። ማጂ ተመልሼ ያኔ ምን ልጠግን? ከተማው ውስጥ ዘመድ አልነበረኝም። አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሱቅ እውላለሁ፣ ክፍሌ አድራለሁ፤ ኑሮዬ ይኸው ነበር።

ደንበኞቼ ጌም ቤት የከፈቱ ሰዎች ናቸው። የቴፒዎቹና ከዚያ ማዶ ያሉት ማሽኑን በካርቶን አስረው በሚኒባስ ረዳት እጅ ይልኩታል። የሚዛኖቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ከራሴ በላይ አሻግረው ወደ ውስጥ እያዩ «ሠራተኛው የለም?» ይሉኛል።

«አለ።»

«የት ሄዶ ነው?»

«እያናገርከው ነው።»

አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ማሽኑን ወደ ብብቱ ይመልሳል። ጋሽ መኮንን ያን ጊዜ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው «እኔ አልነካውም፤ እሷ ካልሠራችው ይዘኸው ሂድ» ይሉታል። ለእኔ ሲሉ ይሁን ጌም ስለማይወዱ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሚገርመው፣ ጌም ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። የወንዶች ቦታ ነው። ሴት በሩ ላይ ብቅ ካለች ጨዋታው ቆሞ ሁሉም ዞሮ ያያታል። ማታ ወደ ክፍሌ ሳልፍ ከውስጥ ጩኸቱን እሰማለሁ፤ ጎል ሲገባ፣ ሲሰዳደቡ፣ ሲሳሳቁ። ጩኸቱ እኔ ከጠገንኩት ማሽን እንደሚመጣ አውቃለሁ። አልፌ ሄጄ በሬን እዘጋለሁ። ይከፋኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

አሁን ጌሙ ሁሉ ስልክ ውስጥ ስለገባ ያኔ እንዴት እንደነበረ ላስረዳ። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ጌሙን የሚያነበው ከሲዲ ነው። ሲዲ ደግሞ ጌም ቤት ውስጥ አይበረክትም፤ ይፋቃል፣ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። ስለዚህ ማሽኑን «ክራክ» እናደርገዋለን። ከኋላው ሃርድ ዲስክ እንሰካና ጌሞቹን እዚያ ላይ እንጭናለን፤ የሚያስነሣውን ፕሮግራም ሚሞሪ ካርድ ላይ እናስቀምጣለን። ሲበራ የጌሞቹ ስም ተደርድሮ ይመጣል። ብልሽቱም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ይበራል፣ ገጹ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ግን ባዶ ይሆናል። ባለቤቶቹ «ጌም አጣ» ይሉታል።

ጌም አጣ የተባለ ማሽን ሲመጣልኝ መጀመሪያ ሚሞሪ ካርዱ በቦታው መሆኑን አያለሁ። ቀጥዬ ጆሮዬን ከኋላው አስጠግቼ ሃርድ ዲስኩ መዞሩን እሰማለሁ። ካልዞረ ኃይል አልደረሰውም ማለት ነው። ከዞረ ማገናኛውን ነቅዬ ጥርሶቹን በአልኮል እጠርጋለሁ። አሁንም ካጣ ዲስኩን ፈትቼ ኮምፒውተር ላይ እሰካውና ጌሞቹ በቦታቸው መኖራቸውን አረጋግጣለሁ። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ አዲስ ጌም ልጫን ብሎ መሐል ላይ አቋርጦት ይገኛል። ሲጠየቅ ግን «እኔ? አልነካሁትም» ነው መልሱ።

በዚህ አካሄድ ብልሽቱ ያልተገኘልኝ የጋሽ ማቴዎስ ማሽን ነው። ጋሽ ማቴዎስ የጌጫ ሰው ናቸው፤ በጤና ረዳትነት ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ማሽን አድርገው የሰፈሩን ልጆች ያጫውታሉ። ጌም አጣ ብለው ላኩት። ከፍቼ ባየው ምንም አላገኘሁበትም። አብርቼ ቀኑን ሙሉ አዋልኩት፤ ከዝርዝሩ አንድ ጌም አልጎደለም። አሽጌ መለስኩላቸው። ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

«ማሽኑን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«አልሠራሽውም። ጠዋት ይነሣል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ። ከዚያ በጨዋታ መሐል ድርቅ ይላል። አጥፍተን ስናበራው ዝርዝሩ ባዶ ነው። በነጋታው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሣል። ስንት ዓመት ወባ ሳክም እንዲህ ያለ አላየሁም።»

ስታቢላይዘር እንዳላቸው ጠየቅኋቸው፤ አላቸው። ማሽኑ ይግል እንደሆነ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ጌጫ እኮ ነን! እዚህ የሚግል ነገር ቢገኝ እኛ እንሞቀው ነበር።» እውነታቸውን ነው። የቴፒ ማሽን ቢሆን ሙቀት እጠረጥር ነበር፤ ጌጫ ላይ ማን ይጠረጥራል?

ማሽኑ እንደገና መጣ። ገመዱን ቀየርኩ፣ ዲስኩን በሌላ ዲስክ ተካሁ። ሱቅ ውስጥ ደህና ውሎ ጌጫ ሲደርስ ጌም አጣ። ደግሞ መጣ። ጋሽ መኮንን ካርቶኑን ገና ከሩቅ ሲያዩት «ባለቤቱ ከመኪናው ረዳት ጋር ቢዛመዱ ይሻላል» አሉ። ኋላ ግን ቀልዱን ተዉና «አልተቻለም ብለሽ መልሺላቸው። እምቢ ማለትም ሙያ ነው» አሉኝ።

እኔ ግን እምቢ ማለት አልፈለግሁም። ምክንያቱ ሙያ ብቻ አልነበረም። ጋሽ ማቴዎስ መጀመሪያ የሚደውሉት ሊቆጡ ነበር። እየቆየ ቁጣው አጠረና ወሬው ረዘመ። ከማጂ መሆኔን ሲሰሙ ለክትባት በእግራቸው ሄደው እንደሚያውቁት ነገሩኝ፤ ቁልቁለቱን፣ ብርዱን፣ ያሳደሯቸውን ሰዎች። ጉም ወርዶ በሩ እንዳልታየ፣ የትኛው ልጅ ከየትኛው ጋር እንደተጣላ ያወሩኛል። ሁልጊዜ ከመዝጋታቸው በፊት «በልተሻል?» ይላሉ። ሚዛን ከተማ ውስጥ ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ደህና በሰነበተበት ጊዜ ስልኩ ዝም ሲል ይጨንቀኝ ጀመር። ጌም አጣ ብለው ሲደውሉ ደግሞ እንደ ሠራተኛ አፍራለሁ፣ እንደ ሰው ደስ ይለኛል።

በመጨረሻ ማሽኑን ይዤ ራሴ መጥቼ ካለበት ቦታ ላየው ነው አልኳቸው። እሑድ ጠዋት ቴፒ ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ፤ ከቴፒ ሌላ መኪና ይዤ ሽቅብ ወጣሁ። ቴፒ ላይ ያወለቅሁትን ሹራብ ጌጫ ሳልደርስ መልሼ ለበስኩት። ጋሽ ማቴዎስ መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁኝ፤ በድምፃቸው ግዙፍ ሰው መስለውኝ ነበር፣ ቀጭን ናቸው። ካርቶኑን ከእጄ ተቀብለው ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ልጆቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ዞረው አዩኝ። «የማሽኑ ሐኪም ናት፤ ቦታ ልቀቁላት» አሉ ጋሽ ማቴዎስ። ለቀቁልኝ። ማሽኑን እንደ ወትሮው ቦታው ላይ እንዲያደርጉት ነገርኳቸውና ዝም ብዬ አየሁ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ገመዶቹን ሰኩ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው በክንዳቸው ላይ የተዘረጋ ነጭ ዳንቴል ይዘው ወጡ። ወፍራም ነው፣ በውስጥ በኩል ገበር አለው። ማሽኑን አለበሱት። ከኋላው እስከ ጠረጴዛው ድረስ ወረደ፤ ከፊት ብቻ ጆይስቲኩ እንዲወጣ ትንሽ ሰበሰቡት። «ብርዱ እንዳይገባበት ነው» አሉኝ።

ልጆቹ መጫወት ጀመሩ። ጎል ሲገባ ቤቱ ተናጋ። ጋሽ ማቴዎስ ኳስ አይገባቸውም፤ ልጆቹ ሲጮሁ ግን እሳቸውም አብረው እጃቸውን ያነሣሉ። ቆየት ብዬ እጄን ከኋላ በዳንቴሉ ሥር ሰደድኩ። ሃርድ ዲስኩ ያለበት ቦታ ያቃጥላል። ማራገቢያው የሚያወጣው አየር ጨርቁ ላይ እየነጠረ ተመልሶ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ምስሉ ድርቅ አለ። አጥፍተው አበሩት፤ ዝርዝሩ ባዶ።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ማቴዎስ፣ የተከራከሩበትን ያሳዩኝ ያህል ደስ ብሏቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ዳንቴል ከማሽኑ ጋር ለምን አልላኩልኝም?»

«በመኪና አቧራ? እንዴት አድርጌ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «የማርታ እጅ ነው። ለሬዲዮው የሠራችው ነበር። መጨረሻ ላይ ስትታመም እንኳ ኪሮሹ ከእጇ አልወጣም» አሉኝ። ማርታ ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ዝም ስላለባቸው ማሽኑን ገዝተው ልጆቹን እንደጠሩ ያኔ ነው የነገሩኝ። ጠረጴዛው የሬዲዮው ነበር፤ ዳንቴሉም የሬዲዮው ነበር።

የማውቀውን ላለመናገር ፈለግሁ። ሌላ መላ በሐሳቤ ፈለግሁ፤ የለም። «ማሽኑ ታፍኗል፣ ጋሼ» አልኩ። «የሚተነፍሰው ከኋላ ነው። ዲስኩ ሲግል ይቆማል፤ ጌሙ የሚጠፋው ለዚያ ነው። ዳንቴሉ ካልተነሣ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።»

እጃቸውን ዳንቴሉ ላይ አሳረፉ። 

«ከኋላ በኩል ቢቆረጥስ?» አሉ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸው መለሱ፦ «አይ። አይቆረጥም።»

አንድ ታናሽ ልጅ «ጋሼ፣ እንሂድ?» አለ። እሳቸው ልጁን አዩት፣ ባዶውን ዝርዝር አዩ። ተነሥተው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ዳንቴሉን በአራት ማዕዘኑ ይዘው አነሡት፣ ደረታቸው ላይ አስደግፈው አጠፉት፣ ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። ሳጥን ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ሲመለሱ ጠረጴዛውን አላዩትም።

«አብሩት» አሉ።

እስኪበርድ ጠበቅንና አበራነው። ጌሞቹ ሁሉ መጡ። ልጆቹ እስከ ማምሻው ተጫወቱ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ድርቅ አላለም። እኔም አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በጠገንኩት ማሽን ሲጫወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ጋሽ ማቴዎስ ሲሸኙኝ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ፣ የማር ጠርሙስ በፌስታል አድርገው አስያዙኝ።

ከዚያ በኋላ ስልክ አልተደወለም። ካርቶኑም አልመጣም። ጋሽ መኮንን ልብ አሉና «የጌጫው ሰውዬ ዝም አሉ፤ ገደልሽው ማለት ነው» አሉኝ፣ ብልሽቱን ማለታቸው ነው። ሲያመሰግኑኝ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር።

ሰነበትኩና ምክንያት ፈጥሬ እኔው ደወልኩ። አነሡት። ከኋላቸው ልጆቹ ይጮሃሉ፤ ጎል ገብቶ መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ከሚዛን!»

«ማን?»

«የማሽኑ! ደህና ነው ወይ ልል ነው!»

«አይሰማኝም ልጄ፣ ይጮሃሉ! ማሽኑ ደህና ነው! በጣም ደህና ነው!» አሉና ዘጉት። መብላቴን አልጠየቁኝም። የሚሰማ ነገር አልነበረማ።

ስልኩን አስቀመጥኩና ቀጣዩን ካርቶን ፈታሁ። ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ማሽን ሲያስቸግራችሁ ካለበት ቤት ሄዳችሁ እዩት። ደህና አድርጋችሁ ከሠራችሁት አይመለስም፤ ባለቤቱም አይደውልም።