ከሳሽ የሌለው ሰንሰለት

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የካቲት ሳይጋመስ፣ እንጦጦ ገበያ ውስጥ ተያዝኩ። ጥፋቴ «ጦሩ ተመልሶ ሱሉልታ ሰፍሯል፤ በዓይኔ አይቻለሁ» ማለቴ ነው። ለአንድ ጌታ ወሬ የማጣራ ሰው ነበርኩ። ያየሁትን ከሰማሁት ለይቶ መናገር እንጀራዬ ነበር።

ከብቱ ያለቀበት፣ ሰው በረሃብ የሚረግፍበት ዘመን ነው። ጦሩ ሲዘምት የአምባው ሹም ነጋሪት አስጎስሞ፣ ጦሩ እስኪመለስ ድረስ ስንቅ የከለከለም ሆነ ወሬ ያወራ ያለ ከሳሽና ያለ ዋስ ይታሰር ብሏል። በደኅናው ጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ዳኛ እስኪያያቸው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ስለዚህ በከንቱ የሚከስ ብዙ አልነበረም።

ያስገቡኝ ባዶ የእህል ጎተራ ውስጥ ነው። የገብስ ገለባ ይሸታል፤ በግድግዳው ስንጥቅ ብርድ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የታሰሩበት ሰንሰለት ለሁለት ሰው የተሠራ ነው። አንዱ ቀለበት ቀኝ እጃቸው ላይ፣ ሌላው ባዶውን መሬት ላይ።

የየካ ገበሬ ናቸው። ወታደሮች ለዘር ያኖሩትን ገብስ ለስንቅ ሊወስዱ ሲመጡ፣ «ዘር አይበላም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ገብሱ ተወሰደ፤ እሳቸውም ታሰሩ። ቤት የቀረችው አንዲት ልጃቸው ብቻ ናት። ማሳቸው እስከ ሰኔ ካልተቆፈረ ጠፍ መሬት ተብሎ ለወታደር ይሰጣል። የሚያስጨንቃቸው ይኸው ነበር።

«ጦሩ ገብቷል አልክ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«አይቻለሁ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ እኛን ምን ያቆየናል?» አሉ፤ ይህን በአማርኛ፣ ደጅ የቆመው ዘበኛ እንዲሰማ።

ዘበኛው ሳቀ። «አንቱ ሽማግሌ፣ በነጋሪት የመጣ በነጋሪት ካልሆነ አይሄድም። ነጋሪቱ ደግሞ ሹሙ ቤት ተሰቅሏል።»

«እኛ ዘንድ የጦር መሪ በትሩን ከጨፌ ይቀበላል፤ ሕግ ከሚያወጣው ጉባኤ። ሲመለስ እዚያው ያስረክባል። አልሰጥም ካለ ሚስቱም አትታዘዘውም።»

«ታዲያ ጨፌዎ መጥቶ አያስፈታዎትም?»



ቀትር ላይ ልጃቸው የገብስ ጭብጦ አመጣች። ሽማግሌው ሦስት ቦታ ቆረሱት። አንዱን ለኔ ሰጡኝ፣ አንዱን ለራሳቸው ያዙ፣ ሦስተኛውን ባዶው ቀለበት አጠገብ ቅጠል ላይ አኖሩት።

«ይኸ ለማን ነው?» አለ ዘበኛው።

«ለከሳሼ። አብረን እንድንበላ ሕግ ነው።»

«እሱ እንደሆነ አይመጣም።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከጭብጦው አላነሣም። የጉንጩ አጥንት ወጥቷል፤ እሱም ቀለብ ካየ ሰንብቷል። ጥቂት ቆይቶ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ አነሣና ጎረሰው።

ሽማግሌው ባዶውን ቀለበት ዘረጉለት። «የከሳሼን ድርሻ በልተሃል። እጅህን አምጣ።»

«እኔ ምን አደረጉኝና እከስዎታለሁ?»

«ምንም አላደረግሁህም?»

«ምንም።»

«ሹምህንስ?»

ዘበኛው አፉ እንደሞላ ወደ ደጁ ተመለሰ።

ወደ ማታ ሹሙ ራሱ መጣ። ከደፉ ላይ ቆሞ፣ «ስንቅ ከልክያለሁ፣ በድያለሁ ብለህ ማል። ዛሬውኑ ትወጣለህ። ማሳህም አይነካም» አላቸው።

 ሽማግሌው ይምላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ባዶውን ቀለበት ወደ ሹሙ አቀረቡት።

«ክስ ካለዎት ይታሰሩና እንነጋገር።»

ሹሙ ቀለበቱን አየ። «ይቆይ» አለና ሄደ። ዘበኛው በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እኔን ከፋሲካ በኋላ ጌታዬ አስፈታኝ። በምን እንዳስፈታኝ አልነገረኝም። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ።

አሁን አርጅቻለሁ። ያ አዋጅ አብቅቷል የሚል ነጋሪት የሰማ እንዳለ ያገኘሁትን ሁሉ ጠይቄአለሁ። ሰማሁ ያለኝ የለም። አዋጁን ያስነገረው ሹም ሞቷል፤ በአዋጁ የሚታሰር ሰው ግን ከዚያ በኋላም አልጠፋም።

በታሰርኩበት ዓመት ሰኔ ላይ የካ ወርጄ ነበር። የሽማግሌውን ማሳ አንድ ወታደር በዶማ ይቆፍራል። ልጃቸው ከኋላው እየተከተለች ጓል ትሰብር ነበር።