ጉሮሮ የሚያዩት የልብ ሐኪም

በአንኮበሩ ሚኒባስ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጣሉ። የልብ ቀዶ ሐኪም ነበሩ አሉ፤ አሁን የሕክምና ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዳሉ። ክርኑ ካለቀው ካፖርታቸው ኪስ ባትሪ አይጠፋም። ለሚያስል ሰው አይዞሩም። ዛሬ ግን እናቷ እቅፍ ውስጥ ያለች ልጅ ምራቋን ስትውጥ ፊቷ ሲኮማተር አዩና ዞሩ።

"እህቴ፣ ጉሮሮዋን ልየው?"

"ጉንፋን እኮ ነው አባቴ፤ ዳማከሴ አሽቼ አጠጥቻታለሁ።"

አብርተው አዩ፤ ባትሪውን ለአንዷ ተማሪያቸው አቀበሏት።

"ጉንፋን አይደለም፤ ሳል የላትም። ጉሮሮዋ ቆስሏል። ስንደርስ መድኃኒት እንሰጣታለን፤ ችላ ከተባለ ልቧን ይጎዳዋል።"

ተማሪዋ አጎንብሳ አየች። "ዶክተር፣ የልብ ቀዶ ሕክምናውን መቼ ነው የሚያስተምሩን?"

ባትሪውን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ።

"ደረታቸውን ከከፈትኳቸው ልጆች የአብዛኞቹን ጉሮሮ በጊዜው ያየ ሰው አልነበረም።"