የኔታ የሸፈኑት መስታወት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መስታወት ማጠብ ነበር። ላሊበላ ባለችው ጠባብ ወርክሾፓችን፣ አለቃዬ ኢንጂነር ስንታየሁ ከዱቄት የላመ የብርጭቆ ብናኝ የተበጠበጠበት ውሃ አሳዩኝ። የታጠበው መስታወት እዚያ ውስጥ ይቆማል፤ ውሃው ቀስ ብሎ ሲደርቅ ብናኙ ራሱ ተራ ይዞ ይደረደርበታል።

"ፎቶኒክ ክሪስታል ነው" አሉኝ። "ፀሐይን ይመልሳል፣ የራሱን ሙቀት ወደ ሰማይ ይሰዳል። ያለ መብራት ያቀዘቅዛል፤ ካልቸኮልሽ።"

ቸኮልኩ። ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ያወጣኋቸው የሦስት መስታወቶች ሽፋን ተሰነጣጠቀ። "ብቅል መሰለሽ እንዴ የምታሰጪው?" ብለው ሳቁብኝ።

ከዓመታት በኋላ የምኮራበትን መስታወት ሠራሁ። ሳጥን ላይ ገጥሜ ብልባላ ወሰድኩት፣ መብራት ወደሌለው፣ የኔታ ወደምንላቸው ወደ መሪጌታ ሐዲስ ቤት። ባለቤታቸው እትየ ዘነቡ ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው በሙቀት እየተበላሸ ተቸግረው ነበር። መድኃኒቱን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ ጣሪያው ላይ አስቀምጬ፣ እንዳይነኩት ብቻ ነግሬ ተመለስኩ።

በወሩ የኔታ ደወሉ። መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ እትየ ዘነቡ ሆስፒታል ገብተዋል። ሮጬ ብልባላ ሄድኩ። መስታወቱ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኗል፤ ሳጥኑ ውስጥ እጄን ባስገባ ይሞቃል።

"አንቱ የኔታ፣ ምን ነካዎ? ሰማይ ካላየ እኮ አይሠራም!" ብዬ ጮኽኩባቸው።

"ልጄ፣ አቧራው አስቸገረኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ደሞስ የከበረ ነገር ተገልጦ ይቀመጣል? የሷ ነፍስ እኮ ነው እዚያ ያለችው።"

ነጠላውን በየሳምንቱ እያጠቡ ይመልሱት ነበር። በጣም አፈርኩ። እንዳይነኩት ነገርኳቸው እንጂ፣ ለምን ሰማይ ማየት እንዳለበት አልነገርኳቸውም።

"አትሸፍኑ ብለሽ ጻፊበት" አሉኝ ኢንጂነሩ፣ ወርክሾፕ ተመልሼ ስነግራቸው።

"እሳቸው ሳይሸፍኑ እንቅልፍ አይወስዳቸውም" አልኳቸው።

እንደ ፌስታል የሳሳ፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ላስቲክ በፍሬም ወጥረን ከመስታወቱ በላይ ገጠምን። ሙቀቱን ያሳልፋል፤ አቧራውንና ሞቃቱን ነፋስ ይከለክላል። ስንለካው ሳይሸፈን ከነበረው ይበልጥ ቀዘቀዘ።

እትየ ዘነቡ ተሽሏቸው ሲመለሱ ነጠላውን አዩት። "የበዓል ነጠላዬን ነው ለካ ያለበስኸው!" ብለው ሳቁ። የኔታ አቀረቀሩ። እኔ አለቀስኩ።

ዛሬ ከወርክሾፓችን ያለዚያ መሸፈኛ የሚወጣ ሳጥን የለም። አዲስ ለሚገቡትም የምላቸው አንድ ነው፦ ዕቃውን ከማስረከባችሁ በፊት፣ ሰውየው የሚሳሳለትን ነገር እንዴት እንደሚጠብቅ ጠይቁት።