ኦቦ ፈዬራ ያላሉት

ባየሽ፣ አምቦ ከተማ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለው የሰፈሯ ዕድር ጸሐፊ ሆና ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ በስብሰባ ላይ አንድም ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም። በመሥሪያ ቤቷ ታይፒስት ናት፤ የሌላ ሰው ቃል መጻፍ እንጀራዋ ነው። የራሷ ሐሳብ ሲመጣባት ግን «አሁን ይኼም ሐሳብ ተብሎ ይነገራል?» ትልና ትውጠዋለች። እናቷም «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገቻት።

ሐሳብ ደግሞ ቢውጡትም አርፎ አይቀመጥም። እናም ባየሽ፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ አንድ ዘዴ አበጀች። ዕድሩ ውስጥ ኦቦ ፈዬራ የሚባሉ፣ ጎጆ በምትባል ከተማ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ። ስብሰባው በጸሎት ሲከፈት የተጨፈነ ዓይናቸው ከጸሎቱም በኋላ አይገለጥም። ባየሽ የራሷን ሐሳብ ቃለ ጉባኤው ላይ «ኦቦ ፈዬራ እንዲህ ሲሉ አስተያየት ሰጡ» ብላ ታሰፍራለች። በሚቀጥለው ወር ያው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ፣ አንባቢዋም እሷው ናትና፣ ሰዉ «ለካ እንዲህ ተብሎ ኖሯል» ብሎ ይስማማል። ኦቦ ፈዬራም ስማቸው ሲጠራ ነቃ ይሉና በራሳቸው ሐሳብ ተደስተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ድንኳኑ ሳይደርቅ እንዳይታጠፍ የተወሰነው፣ አግዳሚ ወንበሮቹም ከሌላ ዕድር እንዳይቀላቀሉ ቀለም የተቀቡት በዚሁ መንገድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ ፈዬራ ተኝተውም ያስባሉ» ይል ጀመር።

በ1994 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጎረቤቷ ዓለሚቱ ሁለት ወር አልጋ ላይ ውላ፣ ውሃ የሚያቀብላት አጥታ ሞተች። ወዲያው ድንኳኑ ተተከለ። ሴቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ሠሩ፣ ወንዶቹም ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጡ። ባየሽ የዚያን ሁሉ ድስት ብዛት እያየች አንጀቷ አረረ። በወሩ ቃለ ጉባኤ ላይም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ኦቦ ፈዬራ፣ ለሐዘን ከምንሰጠው ሦስት ቀን አንዱን አባሉ በሕይወት ሳለ፣ ሲታመም እንስጠው አሉ።»

ወሩ ሳይሞላ ኦቦ ፈዬራ ራሳቸው ታመው ተኙ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸውም የምታስተምረው ርቃ ሸነን ከተማ ነው። የኅዳር ስብሰባ ሲደርስ ወንበራቸው ባዶውን ነበር። ባየሽ ቃለ ጉባኤውን አንብባ ጨረሰች።

«እንግዲህ ነገሩ ተገለጠ!» አሉ ሥጋ ሻጩ ኦቦ ባይሳ። «ሰውየው ሕመሙ ሲጀማምራቸው ለራሳቸው ያመጡት ነው። ዕድሩን አስታማሚ ሊያደርጉት!»

አንዳንዱ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ኦቦ ጉደታም «እንግዲያው ከቃለ ጉባኤው ይሰረዝ፣ አዴ ባየሽ» አሉ።

ባየሽ እስክሪብቶዋን አነሳች። ብትሰርዘው ሐሳቡ መቅረቱ ነው፤ እኚያ ደግ ሽማግሌም ባላሉት ነገር፣ በተኙበት ስማቸው መጉደፉ ነው። ብትናገር ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ያልተባለ ነገር ስትጽፍ እንደኖረች ሊታወቅባት ነው። ብድግ አለች።

«ኦቦ ፈዬራ አላሉም» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ወጣ። «እሳቸው ተኝተው ነበር። ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሚቲ፣ አይደለም! እንዴት ይሆናል?» አሉ ኦቦ ጉደታ። «የድንኳኑስ ነገር?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«የወንበሩስ?»

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ። መናገር ፈርቼ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባየሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ነገር ግን አንዴ ከቆሙ ወዲያ መቀመጡም ያስፈራልና ቀጠለች።

«ለዓለሚቱ ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ ሠራንላት። አልቀመሰችውም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ከእኛ ማን ሾርባ ይዞ ገባ? እኔም አልገባሁም፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ለሐዘኗ ማንም አልቀረ፤ ለሕመሟ ግን ማንም አልደረሰ። ከፈለጋችሁ ከጸሐፊነቱ አውርዱኝ፤ ሐሳቡን ግን አልሰርዝም።»

የሚስቅ ጠፋ። ኦቦ ባይሳ ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ። «ለሾርባው አጥንት ከእኔ» አሉ። ከኋላቸው ሌላው እጅ ሁሉ ተከተለ።

«ቶሌ፣ ጸድቋል!» አሉ ኦቦ ጉደታ። «አንቺ ግን ከእንግዲህ ሐሳቡን ከነባለቤቱ ጻፊ።»

በማግስቱ የሾርባውን ድስት ይዛ ኦቦ ፈዬራ ቤት የገባችው ራሷ ባየሽ ናት። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ሳህኑን እስከ ታቹ ጨረሱና አፋቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ዕድሩ ለታመመ ማብሰል ጀመረ አሉኝ» አሉ። «ደግ ሐሳብ ነው። እኔ ነኝ ያመጣሁት?»

«የለም፣ ኦቦ» አለች ባየሽ፣ ሳህናቸውን ደግማ እየሞላች። «እኔ ነኝ።»