ቀይ ክር የታሰረባት ጓጉንቸር

እውነትን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ቀን ሲከፋ አይክዳትም ይባላል። የመምህር ሳምሶን ሕይወት ለዚህ አባባል ምስክር ነው የሚሉ አሉ። ሳምሶን በሀዋሳ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ እንስሳት ያስተምራል፤ ከጓደኛው የገለበጠ ተማሪ በእጁ አያልፍም። ለዓመታት የደከመበት ነገር ለሌላው ተራ ነው፤ በመጻሕፍት ከደቡቡ ቆላ ወዲህ አትገኝም የተባለች ጓጉንቸር እዚህ ሐይቁ አጠገብ መራባቷን ማረጋገጥ። ድምፅዋን ቀድቷል። በእጅ የተያዘ ማስረጃ ግን አልነበረውም፤ ያለዚያ ደግሞ የሚያምነው የለም።

ያገኛት በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ተጀምሮ በቀረ ሕንፃ የመሠረት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ጉድጓዱን ሞልቶታል። ዘበኛው ጋሽ ሞገስ በሩን ከፍተው ብቻ አልቀሩም፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው አብረውት ገቡ።

«ደግሞ ሊድሯት ነው እንዴ መምህር?» አሉ፣ የአንዷን እግር በቀይ ክር ሲያስር አይተው።

«ከወንዱ እንዳትቀላቀልብኝ ነው ጋሽ ሞገስ። ለሴቷ ቀይ፣ ለወንዱ ጥቁር።»

«እንግዲያስ እኔ ሚዜ ነኝ!»

ሳምሶን ከዐይኗ ኋላ ያበጠውን የመርዝ ዕጢ ቅርጽ ሲመለከት አወቃት፤ ራሷ ናት። አንዷን በብልቃጥ ከትቶ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ አኖረ። ቀይ ክር የታሰረባትን በመዳፍ፣ የቀሩትን በከረጢት ለዘበኛው አስይዞ ጉድጓዱን ፎቶ ሊያነሳ ዞረ።

በዚህ መሐል የጋሽ ሞገስ ጎረቤት አለምነሽ በበሩ አለፈች። ልጇ ከትናንት ጀምሮ እያንቀጠቀጠው ነበር። በሽማግሌው መዳፍ ላይ የተቀመጠችውን ጓጉንቸርና ክሩን አየች። ክር የታሰረባት ጓጉንቸር መተት መሆኗን በዚያ ሰፈር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

«ኡኡ! ልጄን ያሰረው ይኸው! ይኸው በእጁ!»

ጩኸቱ የባጃጅ ሾፌሮችንና የቀን ሠራተኞችን ሰበሰበ። የመጀመሪያው ድንጋይ የጋሽ ሞገስን ጥርስ አረገፈ። ሁለተኛው ግንባራቸውን ከፈተው። አንዱ ጎረምሳ ከጅምሩ ሕንፃ የፌሮ ብረት አንሥቶ ጉልበታቸውን ሲለው ተንበረከኩ። ጓጉንቸሮቹ ከከረጢቱ ፈስሰው በጫማ ተጨፈለቁ።

«ማን ላከህ አንተ መተተኛ? የማን ናት?»

«መምህር! ኧረ ይንገሯቸው! ኧረ የኔ ናት ይበሏቸው!»

ሕዝቡ ወደ ሳምሶን ዞረ። ብልቃጡ ደረቱ ላይ ከበደው። እውነቱን ቢናገር ይፈትሹታል፤ ቢፈትሹት ብልቃጡን ይሰብሩታል። ፍርሃትም አልጠፋም፤ አስቀድሞ ያሰበው ግን ብልቃጡን ነው።

«አላውቅም» አለ። «እኔ ውሃውን ልመረምር ነው የመጣሁት።»

ፌሮው እንደገና ተነሣ። ሽማግሌው ፊታቸውን በክንዳቸው ቢጋርዱ ክንዱ ተሰበረ፤ ቀጥሎ የወረደው ግራ ዐይናቸውን አፈሰሰው። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ሕዝቡን ሲበትን ሳምሶን ከአጥሩ ውጭ ነበር። የአለምነሽን ልጅ ይዞት የነበረው ማጅራት ገትር ነው፤ ሐኪም ቤት ድኗል።

ጥናቱ ታተመ። ጓጉንቸሯ የምትገኝበት ካርታ ተለወጠ፤ ባልደረቦቹ ግብዣ አደረጉለት። ከግብዣው በኋላ ሳምሶን እዚያው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ወዳለው የጋሽ ሞገስ ልጅ ቤት ሄደ፤ ሽማግሌው ከሰፈራቸው ተባረው እዚያ ተጠግተዋል።

«ጓጉንቸሯ ደህና ናት?» አሉ ገና ሳይቀመጥ። «ታወቀች አሉኝ። እኔም ታውቄያለሁ፤ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።»

«ሰፈሩ ድረስ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ጋሽ ሞገስ።»

«አሁንማ ማን ይመታዎታል?»

ሳምሶን በማግስቱ ወደ ሰፈሩ ሄደ። ሄዶም ተናገረ፤ ሰሙት፣ አንዳንዶቹም አዘኑ። ይህ ምስጋና አያስገኝለትም። ለጋሽ ሞገስ የሚገባቸው፣ ፌሮው በአየር ላይ ሳለ እውነቱ እንዲነገርላቸው ነበር።