የአራጌ የጾም ቀበቶ

ቆቦ፣ ሰላሁዲን ሱቅ ገብቶ «የጾም ቀበቶ አለህ?» ብሎ የጠየቀ የመጀመሪያው ሰው አራጌ ነው። የመጨረሻውም እሱ ነው። ዘመኑ አብዮቱ ሕዝቡን ለስኳር፣ ለጨውና ለሳሙና ያሰለፈበት ስለነበር ሰላሁዲን የሌለ ዕቃ መጠየቅን ለምዷል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞት አያውቅም።

«የጾም ምን?»

«ቀበቶ። የከብት ቆዳ ያልነካው።»

«ለመሆኑ ሱሪህን ነው ወይስ አፍህን የምታስርበት?»

«አፌንማ ቀደም ብዬ ባስረው ኖሮ እዚህ አልመጣም ነበር» አለ አራጌ።

እውነቱን ነው። በየስብሰባው የሚታደሉት ወረቀቶች ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ ነው ይላሉ። ይህን ታሪክ ግን የሠራው የአንድ ሰው ምላስ ነው፤ ሰፊው ሕዝብ አሜን ከማለት በቀር ምንም አላዋጣም።

አራጌ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ የሚያርስ ገበሬ ነው። ጎረቤቱ ፈንታው ይባላል። በሰኔ ወር የፈንታው ዳልቻ ላም ጠፋች። ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው የአራጌ ማሳ ዳር ስትግጥ ነበርና ፈንታው ብዙ አልተመራመረም። «አራጌ በልቷታል» አለ። አራጌ ክሱን ሲሰማ ራት ላይ ነበር፤ ራቱ ሽሮ ነበር። ይህንን ማስረጃ ማንም አልተቀበለውም።

ሽማግሌዎች ሾላው ሥር ተቀመጡ። የሾላው ሥር ሕግ ቀላል ነው፤ ምስክር ከሌለ ተከሳሹ ይምላል። ብልህ ሰው ሲምል ትንሽ ይምላል፤ «ላምህ እስክትገኝ ፀጉሬን አልላጭም» ይልና ለከርሞ ነገሩ ሲረሳ ይላጫል። አራጌ ግን ተነክቷል። ደረቱን ነፋ፣ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ምላሱ ባለቤቷን ጥላ ሮጠች፤

«ላምህ እስክትገኝ ድረስ የከብት ነገር ገላዬን አይንካው! ከነካኝ በልቻታለሁ!»

«አሜን!» አለ ጉባኤው። አስቦ አይደለም፤ ቃሉ ስላማረው ነው።

የሽማግሌዎቹ ራስ አያ ዳምጤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም። በሚሰማው በኩል ዘንበል አሉና «ተመዝግቧል» አሉ፤ ወረቀትም እርሳስም አልነበራቸውም።

እዚያው ከጎብዬ የመጡ አያ ታምሬ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው የአራጌን ልጅ ማናለብሽን አጭቷል፤ ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉና «ከሌባ ጋር ዝምድና የለኝም፤ በቃሉ ከሚያድር ጋር ግን አለኝ። ጥር ድረስ ቃሉ ከጸና ሠርጉ ይሆናል። አንዲት ቀን የከብት ነገር ከነካው ልጅቷም በቤቷ፣ ልጄም በቤቱ» አሉ።

አራጌ ምን እንዳለ የገባው ያን ጊዜ ነው። ቁልቁል ሲያይ የተቀመጠበት ቁርበት ነበር። ሰዉም አብሮ አየ።

«ነክቶታል!» አለ ፈንታው ዘሎ ተነሥቶ።

አያ ዳምጤ ረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ «ቃሉ የሚጀምረው ሲነሣ ነው» ብለው ፈረዱ። አራጌ ሲነሣ ቁርበቱ ከላብ የተነሣ ተከትሎት ተነሣ፤ ሁለት ሰው ይዞ አላቀቀው። ራያ ቆላ ነው፤ ሰኔ ነው።

እንግዲህ ሰው በስንት የከብት ነገር ታስሮ እንደሚኖር የሚያውቀው ሲፈታ ነው። አራጌ እዚያው ቀበቶውን ፈታ፤ ሱሪውን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። የቆዳ ጫማውን አውልቆ ባዶ እግሩን ነው የሄደው። ቤቱ ሲደርስ ጌጤ፣ ሚስቱ፣ ነገሩን ከእሱ በፊት ሰምታ በር ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ ነዋ።»

«አልጋው ጠፍር ነው።»

«መደቡ ላይ እተኛለሁ።»

«መደቡ በእበት ተለቅልቋል። ግድግዳውም፣ ወለሉም።» ሰሌን ምንጣፍ ወረወረችለት። «ከደጁ ዳስ ሥር ተኛ። የልጅ ሠርግ በሚያፈርስ ነገር ሲማል ሚስት ትማከራለች፤ በሬውን ስትገዛ እንኳ አማክረኸኝ ነበር።»

እበት የከብት ነገር ነው አይደለም በሚለው ላይ ሽማግሌ ዳግመኛ ተሰበሰበ። አራጌ «የከብት ነገር ሥጋው፣ ቆዳው፣ ወተቱ ነው፤ እበቱን ከብቱ ራሱ ትቶታል» ብሎ ተከራከረ። ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ፈንታው ግን «እበት ከየት ይወጣል? ከሰማይ?» ብሎ አንድ ጊዜ ጠየቀና ረታ። ስለዚህ በኩበት የተጋገረም ቀረ። ጌጤ ለእሱ ብቻ በእንጨት መጋገር ጀመረች፤ እንጨት ደግሞ በዚያ ሜዳ እንደ ስኳር በወሬ ነው የሚታወቀው። ወተትና እርጎ የሌለው የማሽላ እንጀራ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አልነግረውም፤ ያወቀ ደግሞ አልረሳውም።

ሰላሁዲን ቀበቶውን በሦስተኛው ሳምንት አገኘለት። በአፋር በኩል በግመል የገባ፣ ጥቁር፣ የላስቲክ ቀበቶ። አብሮም የላስቲክ ጫማ። ለሁለቱ የጠየቀው ዋጋ የአንድ ፍየል ነበር። ፍየሏን ገበያ ወስዳ የሸጠችው ጌጤ ናት፤ ፍየል ቀንድ ስላላት አራጌ ገመዷን መያዝ አልቻለም። ራቅ ብሎ ቆሞ «ጨምር በይው! ጥርሷን አሳዪው!» እያለ ይጮሃል፤ ገዢው ሌላ ሰው የሚደልል መስሎት ሁለት ጊዜ ጥሎ ሊሄድ ነበር። ጫማው ደግሞ ጠዋት ይለጠጣል፣ ቀትር ላይ እግር ይቀቅላል፣ ማታ ሲወልቅ የሚወጣው ሽታ ውሻውን ከዳሱ አስወጣው። ፀጉሩን በቅቤ ፋንታ ቫዝሊን ቀባው፤ የሜዳው አቧራ ሁሉ እሱ ላይ ሰፈረ። ከሩቅ ሲታይ የማሽላ ዱቄት የተደፋበት ሰው ይመስላል።

ልጆች «አባ ጾሙ!» ይሉታል። እሱ አይመልስም፤ ልጆች በዱላ ይመለሳሉ፣ የእሱ ዱላ ጫፍ ግን በጠፍር የተጠመጠመ ስለነበር ቤት ቀርቷል።

በሐምሌ ሁለት ነገር መጣ፤ ጎርፍና ካድሬ።

ጎርፉ ከደጋው ሲወርድ ገበሬው ወደ ማሳው ጠልፎ ያስገባዋል፤ እርጥበቱ ሳይደርቅ ማረስ አለበት። አራጌ ሁለት በሬ አለው፣ ሊነካቸው አይችልም። ሞፈሩ የታሰረው በጠፍር ነው። ጎረቤት ሁሉ የራሱን እያረሰ ነው። በቅሎ እንኳ አልተፈቀደለትም፤ «የጋማ ከብት ይባል የለ?» አለ ፈንታው፣ ቋንቋ በሠራው ነገር እየተደሰተ።

ያን ጊዜ አራጌ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተናገረ በኋላ ሳይሆን ከመናገሩ በፊት አሰበ። ወደ አያ ዳምጤ ሄደ።

«አያ፣ የቀንድ ከብት አለ?»

«አለ።»

«የጋማ ከብት አለ?»

«አለ።»

«ግመልስ?»

ሽማግሌው ቀንድ ፈለጉለት፣ አጡ። ጋማ ፈለጉለት፣ እሱንም አጡ። «ግመል ከብት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ምን እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።»

በግመል ማረስ ለቆላው እንግዳ አይደለም። ሰላሁዲን ግመሉን አከራየው፤ የጤፉን እኩሌታ ሊወስድ ተስማማ። ጠፍሩ በናይለን ገመድ ተተካ። ናይለን በፀሐይ ይላላል፤ አራጌ አንድ ትልም ያርሳል፣ ቆሞ ያስራል፣ ግመሉ ዞሮ ያየዋል። በግመል ፊት የተናቀ ሰው ሌላ ንቀት አይከብደውም።

ካድሬው አላምረው ይባላል፣ ከጎጃም የተመደበ ወጣት ነው። ገበሬ ማኅበሩን ሰብስቦ ስለ ንጽሕና ሲናገር ቅቤ ያልተቀባው የአራጌ ራስ ታየው።

«ጓድ አራጌን ተመልከቱ! ከኋላ ቀር ልማድ ተላቆ ፀጉሩን ከቅቤ ነጻ ያወጣ ንቁ ገበሬ! ከእሱ ተማሩ፣ በሳሙና ታጠቡ!»

ተጨበጨበ። ፈንታው እጁን አወጣ። ፈንታው በስብሰባ እጁን ያወጣው ያኔ ብቻ ነው።

«ጓድ፣ ሳሙና ከምን ይሠራል?»

አላምረው የተማረ ነው፤ የተማረ ሰው ጥያቄ አያልፍም። «ከሞራ ነው ጓድ። የከብት ሞራ ከ...»

ሕዝቡ ሳቀ። አላምረው ለምን እንደሚሳቅ እስከሚዛወር ድረስ አልገባውም። አራጌ ግን ሰው ሌሊት ተሰልፎ የሚያገኛትን የወር ሳሙናውን ለጌጤ ሰጥቶ እንዶድ መውቀጥ ጀመረ። በስብሰባው ማብቂያ ላይ አንድ አንድ መጽሔት ታደለ። አራጌ የጩቤው አፎት ቆዳ ስለነበር ጩቤውን በመጽሔቱ ጠቅልሎ ታጠቀው። በዚያ ዓመት በቆቦ ሜዳ ከተሠራጨው ጽሑፍ ሁሉ ለተጨባጭ ሥራ የዋለው ያ ብቻ ነው።

እንዲህ እያለ ጥር ደረሰ።

አያ ታምሬ ቃላቸውን ጠበቁ። ሚዜው፣ ዘፋኙ፣ አጃቢው ሁሉ ከጎብዬ መጣ። ሰንጋ ተጣለ፤ አራጌ የገዛ ድግሱን ከዳር ሆኖ በሽሮ በላ። ፈንታውም ተጠርቶ መጣ፤ ጎረቤት ነው፣ ደግሞም ዓይኑን ከአራጌ እጅ ላይ ለማንሣት አልፈለገም። አንድ ነገር ቀርቶ ነበርና። ልጅ ስትሸኝ አባት በእጁ ራሷን ቅቤ ቀብቶ ይመርቃታል። ያልተቀባች ሙሽራ ያልተመረቀች ናት፤ ያልተመረቀች ሙሽራ ደግሞ ጎብዬ ስትደርስ ምን እንደምትባል ማናለብሽ ታውቃለች።

ጌጤ ቅቤውን በቅል አቀረበች። አራጌ ቅሉን አልፎ ከኪሱ ጠርሙስ አወጣ። የሰሊጥ ዘይት ነበር።

አንዲት አሮጊት «ልጅቷን ሊጠብሳት ነው?» አለች።

አራጌ አልሰማም። ዘይቱን መዳፉ ላይ አፈሰሰ፣ የልጁን ራስ ያዘ፣ «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ» ማለት ጀመረ። ቅቤ ባለበት ይቀመጣል፤ ዘይት ግን ይሄዳል። በግንባሯ ወረደ፣ በቅንድቧ ዞረ፣ ዓይኗ ገባ።

«አባዬ፣ ዓይኔን!»

«ቻዪው፣ ምርቃት ነው።»

በዚህ መካከል ፈንታው ተነሣ። እጁ ላይ አጥንት ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ያንን ላስቲክ ጫማ ሲንጣጣ የሰማው ከሁሉ ይልቅ እሱ ነው፤ ግመሉ ሲዞር ያየው እሱ ነው፤ በዝናብ ሌሊት ከዳሱ ሥር የሚያስለውን ሰው የሰማውም እሱ ነው።

«አራጌ፣ ይበቃል» አለ። «ቅቤውን ቀባት። ይቅር ብዬሃለሁ።»

እልልታ ተጀመረ። አራጌ ዘይት የነካ እጁን ወደ ላይ አነሣ፣ እልልታው ተቋረጠ።

«ላምህ ተገኘች?»

«አልተገኘችም።»

«ታዲያ ምኔን ነው ይቅር ያልከኝ?»

«እንዲያው... ይቅር አልኩህ።»

«ይቅር የሚባለው የበላ ነው» አለ አራጌ። «እኔ ሰባት ወር ውጭ ያደርኩት ይቅር እንድትለኝ አይደለም። ተቀመጥና አጥንትህን ጋጥ።»

ፈንታው አልተቀመጠም። አጥንቱን አየው፣ የት እንደሚያደርገው ግን አላወቀም። ማናለብሽ ዓይኗን ጨፍና በነጠላዋ ትጠርጋለች። አያ ታምሬ ምርኩዛቸውን እንደገና መሬት ተከሉ።

«ፈንታው፣ ወይ ተናገር፣ ወይ ተቀመጥ» አሉ አያ ዳምጤ። «ልጅቷ ታወረች።»

«ላሜን...» አለ ፈንታው። «ላሜን አራጌ አልበላም።»

«ምን አለ?» አሉ አያ ዳምጤ፣ በማይሰማው ጆሯቸው በኩል ነበርና የቆመው።

«አልበላም!»

«ጮክ በል፣ የጎብዬ ሰዎችም ይስሙ።»

«ላሜን አራጌ አልበላም! አልሰረቀም! እኔ ነኝ በከንቱ ያልኩት!» ብሎ ጮኸ ፈንታው፤ ድምፁ እስከ መንገዱ ተሰማ ይባላል።

እልልታው አሁን የምር ሆነ። አያ ታምሬ ተነሥተው አራጌን ትከሻ በትከሻ ሳሙት፤ ቫዝሊኑ ጋቢያቸውን ነካው፣ ግድ አልሰጣቸውም። ጌጤ ቅሉን ይዛ ቀረበች።

«በል አሁን በቅቤው ቀባት።»

«አንቺ ቀቢያት» አለ አራጌ። «ላሟ አልተገኘችም።»

«ሰውየው አልበላም አለ እኮ!»

«እኔ የማልኩት እስክትገኝ ነው። ስሜን መለሰልኝ፣ ከቃሌ ግን አልፈታኝም።»

ጌጤ ቀባቻት። ማናለብሽ ቅቤም ዘይትም ተቀብታ ጎብዬ ገባች፤ በዚያ ዓመት ከተዳሩት ሁሉ እንደሷ የሚያበራ ራስ አልነበረም።

ላሟ ግን አልተገኘችም። በተከታዮቹ ዓመታት የመጣውን ድርቅ ስናስብ እሷ ራሷ መገኘት የፈለገች አይመስለኝም። አራጌም ዳሱን አስፍቶ፣ ዙሪያውን በአገዳ አጥሮ፣ እዚያው ኖረ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ቀበቶው ፀሐይ በልቶት ተሰነጠቀና ሱሪውን ይዞ ሰላሁዲን ሱቅ ገባ። ሰላሁዲን አንድ አስመጥቶ አስቀምጦለት ነበር። ዋጋውን ነገረው፤ የበፊቱ እጥፍ ሆኗል።

«ምን ነካህ? ዕቃው ያው ነው፤ ከእኔ በቀር የሚገዛህም የለ። ገዢው አንድ ከሆነ ዋጋው መውረድ ነበረበት።»

«ሻጩም አንድ ነው» አለ ሰላሁዲን።

አራጌ ከፈለና ታጠቀው።