ስሜን ከነአባቴ ጥሪው

አየለች «የሜዳው ድምፅ» የሚባለው ሬዲዮ ጣቢያ ግቢ መጀመሪያ የገባችው ሽንኩርት ልታስረክብ ነው። ጣቢያው ሊመረቅ አንድ ቀን ቀርቶት ስለነበር፣ ለእንግዶች ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ከቆቦ ገበያ አንድ ኬሻ አዘዟት። ዘበኛው ኬሻውን ከፍቶ «ግማሹ የበሰበሰ ነው» ቢላት፣ ግቢው መሀል ቁጭ ብላ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እያወጣች ከማን ማሳ እንደተነቀለ፣ ስንት ቀን ፀሐይ እንደመታው፣ ማን እንደጫነው አስረዳችው። ሥራ አስኪያጁ ዋሲሁን ይህን ሁሉ በመስኮት ይሰማ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ የቆቦ ሙቀት ያጠወለገው ሰው ነው። «ይቺን ሴትዮ ጥሩልኝ» አለ።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ያቋረጠች ሽንኩርት ነጋዴ የሬዲዮ ሰው የሆነችው በዚህ ዓይነት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ «የገበያ ውሎ» በሚል ዝግጅት የማሽላውን፣ የጤፉንና የፍየሉን ዋጋ ትናገራለች። ግመል የጠፋው ካለ ምልክቱን ትናገራለች። ደመወዝ የለውም፤ በጎ ፈቃድ ነው ይባላል። ሰው ግን ይወዳት ነበር። ከሮቢት እስከ ዋጃ፣ ጫት የሚሸጡትም ማሽላ የሚጠብቁትም ድምፅዋን ያውቁታል። አንዳንዱ ከእሷ ሽንኩርት የሚገዛው ስታወራ ለመስማት ነበር።

ጣቢያውን ያቋቋመው አንድ የውጭ ድርጅት ነው። በጦርነቱ ማሠራጫው ተነቅሎ ተወሰደ፤ ወንበር እንኳን አልቀረም። ሰላም ሲመስል ድርጅቱ ተመልሶ አዲስ ዕቃ አስገባ፣ በሩም ላይ «ነፃ ድምፅ ለልማት» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ከአዲስ አበባም ፍሬሕይወት የምትባል አሠልጣኝ ላከ። ፍሬሕይወት ለሦስት ቀን አስተማረቻቸው። ሁለቱንም ወገን ስሙ፤ ያላያችሁትን አየን አትበሉ፤ የተናገረው ሰው ጉዳት የሚያገኘው ከሆነ ስሙን ደብቁለት አለቻቸው።

አየለች ሦስተኛውን ምክር ስትሰማ እጇን አነሳች። «የኔ እመቤት፣ በኛ አገር ስሙን የደበቀ ሰው አይመሰክርም። አበጋሮቹ ፊት ለዕርቅ ስንቀመጥ፣ ምስክር ተነሥቶ መጀመሪያ ስሙን፣ ከዚያ የአባቱን፣ ከዚያ የአያቱን ይጠራል። ያንን ካልጠራ ሽማግሌዎቹ ተቀመጥ ነው የሚሉት። ስሙን የሚደብቅማ ሌባ ነው።»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። ፍሬሕይወትም ሳቀችና «ጥሩ ባህል ነው፤ ግን ጊዜውን እያያችሁ» አለች። በሦስተኛው ቀን ለሁሉም የምስክር ወረቀት ሰጥታ ሄደች።

ከሮቢት ወረድ ብሎ ቀይ ጉብታ የሚባል መንደር አለ። እዚያ የቦኖ ውሃ ተሠርቶ ተመረቀ። እንግዶች በመኪና መጡ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ውሃው ተንፎለፎለ። የጣቢያው ሠራተኛ ጭብጨባውን ቀድቶ መጥቶ ለሁለት ቀን አስተላለፈው። ፓምፑን ያንቀሳቀሰው ጄነሬተር ግን በመኪና ተጭኖ የመጣ የሰው ዕቃ ነበር። ጭብጨባው አልቆ እንግዶቹ ምሳ ሳይጨርሱ ተፈቶ ተጫነና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከቦኖው ጠብ ያለ ነገር የለም።

አየለች ይህን የሰማችው ሲቀለድባት ነው። በገበያ ቀን የቀይ ጉብታ ሴቶች መደቧን ከበቧት።

«አየሉ፣ ሬዲዮአችሁ ውሃ ያፈልቃል አሉ። ጀሪካናችንን ይዘን እንምጣ?»

«ኧረ ተዪያት፣ የሷው ጭብጨባ ብቻ ነው የሚያፈልቀው!»

«እኔ መቼ አጨበጨብኩ?» አለች አየለች።

«ሬዲዮው ያንቺ አይደለም እንዴ? ዋጋ ስትናገሪ ያንቺ ነው፣ ሲዋሽ የማን ሊሆን ነው?»

ይቺን የመጨረሻዋን የተናገረችው ራቢያ ናት፤ ቲማቲም የምታመጣላት፣ ባሏ በጦርነቱ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት። ስትናገር አልሳቀችም። አየለች ያን ዕለት የቀረውን ሽንኩርት በርካሽ አራግፋ በማግስቱ በባጃጅ ሮቢት ወረደች፤ ከዚያ በእግሯ ቀይ ጉብታ ገባች።

ቦኖው እንደተባለው ነው። የቆረጡት ሪባን ቁራጭ አሁንም ቧንቧው ላይ ታስሯል። አንዲት ፍየል ጥላው ሥር ተኝታለች። አየለች ቧንቧውን በእጇ ከፈተችው፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው። ከዚያ ራቢያን ከቤቷ ጠርታ በስልኳ መቅዳት ጀመረች። ራቢያ ስሟን ከነአባቷ ጠርታ ጀመረች፤ ስለ ጄነሬተሩም፣ አሁንም ከወንዙ አሸዋ ጭረው ስለሚቀዱት ድፍርስ ውሃም ተናገረች። ስትጨርስ አየለች ቀረጻውን አቆመች።

«ራብዬ፣ ስምሽን ልተወው? አንዲት እናት ብል ይበቃል።»

«ለምን ትተዪዋለሽ?»

«አይታወቅም። ጊዜው…»

«ወላሂ፣ የሰረቅኩት ነገር የለም። እኔ አንዲት እናት አይደለሁም። የኸይረዲን ልጅ ነኝ። አባቴ አበጋር ነበር፤ እሱ የመሰከረበትን ነገር ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም ነበር። ስሜን ከነአባቴ ጥሪው። ካልጠራሽው የተናገርኩትን ሁሉ አጥፊልኝ።»

አየለች ከዚህ በኋላ አልተከራከረችም። እሷም በልቧ የምታስበው ይህንኑ ነበር።

የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጌታሁን ይባላል። የስንዴ ዕርዳታ የሚወስዱትን ሰዎች ዝርዝር የሚይዘውም እሱው ነው። አየለች ሁለቱንም ወገን ስሙ የተባለችውን አልረሳችም፤ ቤቱ ሄዳ ጠየቀችው። «እኔ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር የማወራው ሽንኩርት ስገዛ ነው» አላት። ይህንንም ቀዳችው።

ዋሲሁን ቅጂውን አዳምጦ ፊቱን በመሀረብ ጠረገ። «እትዬ አየለች፣ ጥሩ ሥራ ነው። እኛም ስሕተታችንን ማረም አለብን። ግን የሴትየዋን ስም ቁረጪው።»

«እሺ» አለች። እሺ ያለችው እንዳይከለክላት ነው። የእሷ ዝግጅት በቀጥታ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ «ራቢያ ኸይረዲን እባላለሁ ከምትለው ጀምሮ ትሰሟታላችሁ» አለችና ሁሉንም ለቀቀችው። ዋሲሁን ከመስታወቱ ወዲያ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

ሦስት ቀን ደስ የሚል ቀን ሆነ። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ጨበጣት። የባጃጅ ሹፌር ሒሳብ አልቀበልም አላት። ራቢያም ሻሽዋን አሳምራ ገበያ መጣችና ስሜን እንደገና ባሰሙኝ አለች፤ ስልክ ከሌላቸው ዘመዶቿ ሳይቀር መልእክት ደርሷት ነበር።

በአራተኛው ቀን ስንዴ ታደለ። ራቢያ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፋ ሁሉም ስሙ ተጠርቶ እስኪያልቅ ጠበቀች። የእሷ አልተጠራም። ጌታሁንን ብትጠይቀው ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «ስምሽን ሬዲዮ ላይ ፈልጊው። እዚያ አሳምረው ይጠሩታል» አላት። አንዳንዶቹ ሳቁ። የሳቁት በራቢያ አልነበረም፤ የራሳቸው ስም በመጠራቱ ነው። ባዶ ጆንያዋን አጥፋ ይዛ አየለች መደብ ድረስ መጣች። አላለቀሰችም። «ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም» ብላ ሄደች።

አየለች በነጋታው ወደ ጣቢያው ሮጠች። ይህንንም እናገራለሁ ልትል ነበር። ዋሲሁን ግን ቀድሟት አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። ከላይ የመጣ ነው አለ፤ ከየት እንደሆነ አልነገራትም። ማስተባበያ ነው። «ራቢያ ኸይረዲን የተባለች ግለሰብ በቀይ ጉብታ የውሃ ፕሮጀክት ላይ የሰጠችው መረጃ ከእውነት የራቀና ሆን ተብሎ የተፈጠረ መሆኑን ስላረጋገጥን…» ይላል። በሚቀጥለው ዝግጅት መነበብ አለበት፤ የምታነበው ራሷ አየለች ናት።

«ማን ነው ያረጋገጠው? አንተ ሄደህ ቧንቧውን ከፍተሃል?»

«አልከፈትኩም።»

«ታዲያ እንዴት ስላረጋገጥን ይላል?»

«እትዬ፣ አጻጻፉ እንደዚያ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካነበብሽው የሴትየዋ ስም ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል። ይህን በአፋቸው ነግረውኛል። ካላነበብሽው ጣቢያው ይዘጋል፣ እሷም እንደወጣች ትቀራለች። እኔም ዓመቱን ሳልጨርስ ወዳላውቀው አገር እዛወራለሁ።»

«ስሟን አውጥተን እናንብበው። አንዲት ግለሰብ ይባል።»

ዋሲሁን ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው። «ያኔ ቁረጪው ስልሽ እሺ ብለሽ እምቢ አልሽ። አሁን እነሱም እምቢ አሉ።»

ዝግጅቱ ሊተላለፍ ሁለት ቀን ቀረው። በመጀመሪያው ቀን አየለች ራቢያን ልትጠይቃት ተነሣች። ሮቢት ወርዳ፣ የማሽላውን እርሻ ሰንጥቃ፣ መንደሩ መግቢያ ግራር ድረስ ደረሰች። ከዚያ የራቢያ ቤት ጣሪያ ይታያል። ጭስ የለውም። አየለች ግራሩ ሥር ቁማ አሰበች። ብጠይቃት እንቢ ትላለች አለች። እንቢ ካለች ደግሞ እኔ ማንበብ አልችልም። ካላነበብኩ እነዚያ አራት ልጆች… ሐሳቧን ሳትጨርስ ዞራ ተመለሰች። መንገድ ላይ ያገኘችው ሰው «ማን ዘንድ ነበርሽ?» ቢላት «ሽንኩርት ላይ ነበርኩ» አለችው።

በሁለተኛው ቀን አነበበችው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትሳሳት፣ የራቢያንም ስም ከነአባቷ ጠርታ አነበበች። ቀጥላ የማሽላውን ዋጋ ተናገረች።

ቃላቸውን ጠበቁ፤ በሚቀጥለው ዕደላ የራቢያ ስም ተጠራ። ስንዴውን ወሰደች፤ ልጆቹ በሉ። ቦኖው እንደደረቀ ነው። የውጭው ድርጅት ሰዎች ለጉብኝት ሲመጡ ማስተባበያው የተጻፈበትን ወረቀት አይተው፣ ጣቢያው ስሕተቱን በግልጽ የሚያርም ተቋም ሆኗል ብለው በሪፖርታቸው አስገቡት። ዋሲሁንም አልተዛወረም።

ራቢያ ግን ቲማቲሟን ለሌላ ነጋዴ ማስረከብ ጀመረች። መደቡ ከአየለች አራተኛው ነው። አየለች አንድ ቀን ተነሥታ ሄደች።

«ራብዬ፣ ለልጆቹ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ግራሩ ድረስ መጥተሽ እንደተመለስሽ ሰምቻለሁ። ሰው አይቶሻል። ብትጠይቂኝ ምን እንደምል አውቀሽ ነው የተመለስሽው።» ቲማቲሟን ከመደርደር አላቋረጠችም። «ረሃቡንስ ለምጄው ነበር፣ አየሉ።»

እዚያ ላይ ቢያበቃ ደህና ነበር። ወሩ ሳያልቅ የራቢያ ታናሽ ወንድምና አንድ ጎረቤቱ በማሳ ድንበር ተጣሉና ነገሩ አበጋሮቹ ዘንድ ደረሰ። የድንበሩን ድንጋይ የተከለው የነራቢያ አባት ነው፤ ሲተክልም አብራው የነበረችው ራቢያ ናት። ልትመሰክር ተነሥታ ስሟን፣ አባቷን፣ አያቷን ጠራች። ባለጋራው ከተቀመጠበት ሳይነሣ «ይቺ ውሸት የምትፈጥር መሆኗን አገር በሬዲዮ ሰምቷል» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የኸይረዲንን ልጅ ተቀመጪ ማለት ከበዳቸው፤ ግን ተቀመጪ አሏት። ነገሩንም ለሳምንት ቀጠሩት።

አየለች ይህን ስትሰማ መደቧን ለጎረቤቷ አደራ ብላ በቀጠሮው ቀን ቀይ ጉብታ ሄደች። ማንም አልጠራትም። ሽማግሌዎቹ ዱኣ አድርገው ነገር ሲጀምሩ ተነሣች። ስሟን ጠራች፣ የአባቷን ጠራች፣ የአያቷን ጠራች። «ራቢያ አልዋሸችም። ቧንቧውን በእጄ ከፍቻለሁ፣ ደረቅ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እሷ ዞሩ። የሚቆጡ ሰው አይደሉም።

«ልጄ፣ በመጀመሪያ እውነት ነው ብለሽ ተናገርሽ። ሰማንሽ፤ አመንሽም። ቀጥሎ ውሸት ነው ብለሽ ተናገርሽ። እሱንም በዚያው ድምፅሽ ሰማን። ዛሬ ደግሞ መጥተሽ የፊተኛው ነው ትያለሽ። በኋለኛው ጊዜ ማን አስገደደሽ?»

አየለች ማን እንዳስገደዳት ልትናገር አፏን ከፈተች። ከሰዎቹ ጀርባ፣ ከግራሩ ሥር፣ ጌታሁን በዱላው ተደግፎ ቆሟል። የራቢያ ልጆች ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠዋል፤ ትንሿ ቂጣ ትበላለች።

«ማንም» አለች።

«እንግዲያው ተቀመጪ፣ ልጄ።»

ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል ሄዳ ዳር ላይ ተቀመጠች። ራቢያ ዞራ አላየቻትም። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ከነበረበት ስምንት እርምጃ ወደ ራቢያ ወንድም ማሳ ገብቶ እንዲተከል ፈረዱ።

አየለች አሁንም በሳምንት አንድ ጊዜ የገበያ ዋጋ ትናገራለች። ሰው ይሰማታል። ማሽላ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ግን ዋጋውን ከእሷ ከሰማ በኋላ፣ ዞር ብሎ ሌላ ሰው ይጠይቃል።